ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ሉሕ

ፈህሚያ እጇ አያርፍም። እናቷ ዐዚዛ ይህን አንዳንዴ በምስጋና፣ አንዳንዴ በምሬት ትናገረዋለች። በምስጋና የምትናገረው እንግዳ ሊመጣ ሲል ነው። በምሬት የምትናገረው ደግሞ ያ የንግድ ፈቃድ ትዝ ሲላት ነው። ፈህሚያ አንድ ቀን ቤቱን ሁሉ አጽድታ የምታጸዳው ስታጣ፣ የአባቷን የንግድ ፈቃድ ከግድግዳ አውርዳ መስታወቱን በሳሙና ስትፈትግ፣ ውሃው ሾልኮ ገብቶ ማኅተሙን እንዳልነበረ አደረገው። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እነሱ ቤት ግን እራት በቀረበ ቁጥር ትኩስ ነው።

እንግዲህ የዘንድሮውን ጉድ ያመጣችውም ይህችው እጇ ናት።

ክረምት ሲገባ በየዩኒቨርሲቲው የተበተኑት የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጆች ወደ ጎንደር ይመለሳሉ። ቀድሞ ሲመለሱ ሥራቸው መተኛትና ስልክ መነካካት ነበር። አሁን ግን ጀመዓ፣ የራሳቸው ማኅበር፣ አላቸው። የሰፈሩን ሕፃናት ጠዋት ቁርኣን፣ ከሰዓት በኋላ ሒሳብና እንግሊዝኛ በነፃ ያስተምራሉ። በየሳምንቱም ጣራው የሚያፈስበትን አቅመ ደካማ ፈልገው ቆርቆሮ ይመታሉ። ከመካከላቸው መዶሻ ይዞ የሚያውቅ ስለሌለ ጣራው ሳይጠገን አውራ ጣታቸው ይቆስላል፤ ቢሆንም ሰፈሩ ይመርቃቸዋል።

የጀመዓው አለቃ ጃቢር ነው። ፋርማሲ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ባጃጅ ይነዳል፤ ከአፉም ቀልድ አይጠፋም። ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በቴሌግራም ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ ማክሰኞ ማታ፣ «ነገ ሁለት ሰዓት፤ መጥረጊያ ያልያዘ ሰላም እንዳይለኝ» ብሎ ጻፈ።

መጥረጊያው ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያለፉትን ሁለት ክረምቶች ያስተማሩት ሸራ ወጥረው ነበር፤ ዝናቡ ሲወርድ የአስተማሪውም የተማሪውም ድምፅ አይሰማም። ዘንድሮ ግን እትዬ ሐዲጃ የአባታቸውን የቁርኣን ቤት ሰጧቸው። አባታቸው ሸኽ ዐብዱረሕማን፣ አላህ ይማራቸውና፣ በዚያች የድንጋይ ቤት ስድሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ልጆች አስተምረው ያረፉት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ እንደተቆለፈ ነው። እትዬ ሐዲጃ ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ለጃቢር አስረከቡና፣ «እናንተ ጥረጉ፤ እኔ አዘዞ ልጄ ቤት ደርሼ ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ።

ከዚያች ቤት የወጣው አፈር ሌላ ቤት ይመርግ ነበር። ወንዶቹ ሸረሪት ድር ሲያወርዱ፣ ሴቶቹ መሬቱን ሲፍቁ፣ ፈህሚያ ከጥግ የተደረደሩ ሉሖች አገኘች።

ሉሕ የደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ፣ ደብተር ነው ማለት ይቻላል። ጫፉ ላይ እጀታ ያለው፣ በደንብ የተላገ ጣውላ ነው። አስተማሪው የዕለቱን ትምህርት በቀለም ይጽፍበታል፤ ልጁም በቃሉ እስኪይዘው ድረስ አቅፎት ይውላል። ያለ ስሕተት ካሰማና «በል እጠበው» ከተባለ ብቻ ያጥበዋል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይጻፍለታል። ሳያሰሙ ማጠብ የለም። በቁርኣን ቤት ማጠብ ማለፍ ነው። ፈህሚያም ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እትዬ ሐዲጃ በጓሯቸው ሴት ልጆችን ሲያስተምሩ በሉሕ ተምራ ያደገች ናት።

ሉሖቹ ሃያ ሁለት ነበሩ። ሁሉም ድሮ ታጥበው የተቀመጡ ናቸው፤ ያለባቸው አቧራ ብቻ ነው። ፈህሚያ ደስ አላት። ቅዳሜ የሚጀምረው የትንንሾቹ ክፍል ሃያ ሦስት ልጅ ነው። አንድ ብቻ ጎደለ ብላ ስታስብ፣ የበሩን ጀርባ ልትጠርግ በሩን ገፋ አደረገችው። ሃያ ሦስተኛው ሉሕ እዚያ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ይኸኛው ባዶ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች በሸኹ እጅ ተጽፎበታል። ቀለሙ ትንሽ ቢወይብም ይነበባል። ያ አንድ ሐረግ እየተመላለሰ የሚመጣበት የቁርኣን ሱራ ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ፈህሚያ አላወቅሁም ማለት አትችልም። እጇ ቆም ብሏል። «ይህ ያልተሰማ ሉሕ ነው፤ ባለቤት አለው» አለቻት አንዷ ልቧ። ሌላይቱ ልቧ ደግሞ፣ «ባለቤቱ ይህን ጊዜ ሞቷል፣ አለዚያም የልጅ ልጅ አይቷል። አንድ ልጅ ቅዳሜ ባዶ እጁን ይቀመጥ?» አለቻት። ከሁለቱ የረታችው የቸኮለችው ናት።

አጠበችው። ያጠበችው እንኳ እንደ ደንቡ ነው፤ ውሃውን በንጹሕ ሳሕን ተቀብላ፣ እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከአጥሩ ጥግ ካለው ኮክ ዛፍ ሥር አፈሰሰችው። ሃያ ሦስቱንም ለፀሐይ አሰጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው፤ የዚያን ሰዓት ከእሷ በላይ የተደሰተ ሰው ጎንደር ውስጥ አልነበረም።

እትዬ ሐዲጃ በአንድ እጃቸው ዳቦ፣ በሌላው ፔርሙዝ ይዘው ደረሱ። ቤቱን አይተው፣ «ማሻአላህ! ማሻአላህ! አባቴ ቢያዩ!» ሲሉ ቆዩና ወደ በሩ ጀርባ ዞር አሉ። ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል።

«እዚህ የነበረውስ?»

«አጠብኩት እትዬ፤ ያውና ፀሐይ ላይ ነው» አለች ፈህሚያ በኩራት።

እትዬ ሐዲጃ ፔርሙዙን እንደታቀፉ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«የኡዘይር ነው እኮ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «የልብስ ሰፊው የኡዘይር።»

ጃቢር እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አያ ኡዘይርን የማያውቅ የለም። አራዳ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቃቸው ሱሪ ሲያሳጥሩ የሰውየውን ዕድሜ አብረው የሚያሳጥሩ ይመስላሉ፤ እንደዚያ ያለ ቁጡ ናቸው። ከቁጣቸው ጋር ግን እጃቸው አይታጠፍም፤ የትንንሾቹን ዩኒፎርም በነፃ እየሰፉ ያሉት እሳቸው ናቸው።

እትዬ ሐዲጃ የነገሯቸው ይህን ነው። ኡዘይር የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ከአባቱ የቀረው አንድ የስፌት መኪና ስለነበር፣ ትምህርቱን ትቶ መኪናው ላይ ተቀመጠ። የተሰናበተ ዕለት ያልጨረሰውን ሉሕ ይዞ ሸኹ ፊት አለቀሰ። ሸኹም፣ «ሳታሰማኝ አታጥበውም፤ እኔም አላጥበውም። በገዛ እጅህ ሰቅለኸው ሂድ፤ ስትመጣ ታገኘዋለህ» አሉት። ምስማሩን የመታው ራሱ ነው።

«ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ እትዬ ሐዲጃ። «አባቴ መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ ‹ሉሕህ ቦታው ላይ ነው› ይሉታል። እሱም ‹ነገ እመጣለሁ› ይላል። ትንንሾቹ ካለፉት ወዲያ ከእነሱ ጋር መቀመጥ አፈረ መሰለኝ። በየዒዱ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይህን በር ከፍቼለት፣ ሉሑን አይቶ፣ ምንም ሳይናገር ይሄዳል። አባቴ ሊያርፉ ሲሉ እንኳ፣ ‹የኡዘይርን ሉሕ እንዳትነኩት፤ ይመጣል› ብለውኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬ ጠዋት መናገር ነበረብኝ።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ፈህሚያ ግን የምትለቅመው እንኳ አልነበራትም።

ጃቢር ሰው ሲያዝን ዝም ማለት የማይችል ልጅ ነው። «ስሙኝማ» አለ። «አንቺ ሱራውን በቃልሽ ታውቂዋለሽ። መልሰሽ ጻፊበት፤ ከዚያ ጭስ ቢጤ እናስመታውና...»

«ጃቢር!» አለች ፈህሚያ። «ቁርኣን ጽፈን ሽማግሌ ልናታልል?»

«አስተግፊሩላህ» አለ ጃቢር፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

አያ ኡዘይር ዩኒፎርሙን ይዘው የሚመጡት ቅዳሜ ነው። ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት የበሩን ጀርባ እንደሆነ የታወቀ ነው። ከሰው አፍ ሰምተው ወይም ባዶውን ምስማር አይተው ከሚያውቁ፣ ራሷ መንገር አለባት። ፈህሚያ ያን ቀን ማታ ያለ ወትሮዋ አንድም ሳሕን ሳታጥብ ተኛች።

ሐሙስ ሄደች። ባዶ እጅ ሱቅ መግባት ስለከበዳት፣ ደህናውን ቀሚሷን ጠርዙን በምላጭ ፈትታ ይዛ ነበር።

«አሰላሙ ዐለይኩም አያ ኡዘይር።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ምን ሆነ?»

«ቀሚሴን... ምስማር ቀደደብኝ።»

አያ ኡዘይር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ጠርዙን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ይህ ምስማር ስፌት መፍታት የሚችል የተማረ ምስማር ነው» አሉና ቀሚሱን መኪናው ላይ ጣሉት። ፈህሚያ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

መኪናው መሮጥ ጀመረ። ከመኪናው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ መጣ። አያ ኡዘይር ቁርኣን በቃላቸው ይቀራሉ። እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ከንፈራቸው በዚያው ልክ ይንቀሳቀሳል። ፈህሚያ ጆሮዋን ጣል ስታደርግ ለየችው፤ ያ አንድ ሐረግ የሚመላለስበት ሱራ ነው! ሄደ፣ ሄደ፣ አንድ ቦታ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ተነሣ።

«ጨርሻለሁ፤ ሌላ?» አሉ አያ ኡዘይር ቀሚሱን ወደ እሷ እየገፉ።

ሌላማ ነበራት። አፏ ግን «ምንም፣ ይስጥልኝ» ብሎ አሳፈራት። ቀሚሱን እዚያው ረስታ ወጣች።

ከሱቁ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩት አናጢው አያ ሰጠኝ ናቸው። ግድግዳው ጣውላ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። አያ ሰጠኝ ደጃቸው ላይ ጀመዓው ለቁርኣን ቤቱ ያዘዛቸውን አግዳሚ ወንበሮች ይልጋሉ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ? ኡዘይር ተቆጣሽ?»

«አልተቆጡኝም። አያ ሰጠኝ፣ አያ ኡዘይር ሲሰፉ ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የሚሉት?»

አያ ሰጠኝ መላጊያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህችኑ። እኔ ቋንቋውን አላውቀው፤ ግን ልጅ ሳለሁ ዳዊት ደግሜያለሁና ዜማ ሲሰበር ጆሮዬ ይነግረኛል። ሸጋ አድርጎ ይሄድ ይሄድና አንዲት ቦታ ላይ ይቆማል። ይመለሳል። አንድ ቀን እንኳ አልፏት አያውቅም። ‹አንተ ኡዘይር፣ ምነው አታልፋት?› ስለው፣ ‹ከዚህ ወዲያ አልተጻፈልኝም› ይለኛል።»

ፈህሚያ በዚያው ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ሱቁ ገባች፤ ደግሞ ድፍረቷ እንዳያመልጣት ከበሩ ላይ ሆና ጀመረች።

«አያ ኡዘይር፣ ረቡዕ የሸኹን ቤት ስናጸዳ ሉሕዎን አጠብኩት።»

መኪናው ቆመ።

«አውቄ ነው። ያልተሰማ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ባለቤቱ አይመጣም ብዬ አጠብኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

አያ ኡዘይር ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳያወጡ፣ «ውሃውን የት ደፋሽው?» አሉ።

«ከኮኩ ዛፍ ሥር።»

«እግር አይረግጠውም?»

«አይረግጠውም።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ግን አያ ኡዘይር፣ እርስዎ ያውቁታል። አሁን ሲቀሩ ሰማሁ፤ አንድም ስሕተት የለውም። ሉሕ ሳይሰማ አይታጠብም ይባላል። እንግዲህ ታጥቧል። ቅዳሜ መጥተው ያሰሙና ደንቡ ይሙላ።»

«ለማን ነው የማሰማው?»

«እ... ትንንሾቹን የምሰማው እኔ ነኝ።»

አያ ኡዘይር ተነሡ። ቁመታቸው ሱቁን ሞላው። «ለአንቺ? ሸኽ ዐብዱረሕማን የጻፉልኝን ለአንቺ? ሂጂ! ሂጂ ከፊቴ!»

አያ ሰጠኝ በግድግዳው ወዲያ መላግ አቆሙ። ፈህሚያ ቀሚሷን አሁንም ሳትይዝ ወጣች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። «እኔ ቅዳሜ አልሄድም፤ ሌላ ሰው ያስተምር» አለች ለእናቷ። ዐዚዛ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ማኅተሙን ያጠፋሽ ዕለት አባትሽ ምን አለሽ? ‹ሂጂና ራስሽ ተሰልፈሽ ሌላ አምጪ› አላለሽም? አራት ቀን ተሰልፈሽ አላመጣሽም? ያበላሸ ሰው አይደበቅም፤ ቆሞ ይጠብቃል። በይ ቢላዋ አንሺ፤ እጅሽ ከቦዘነ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም።»

ቅዳሜ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋት አባራ። ሃያ ሦስት ልጆች ፊታቸው ወዝቶ ደረሱ። አያ ሰጠኝ ወንበሮቹን በጃቢር ባጃጅ ሁለት ጊዜ አመላልሰው አስገቡ። በሁለተኛው ላይ አንድ ትልቅ ፌስታል ነበር፤ በውስጡ ሃያ ሦስት ዩኒፎርም ተጣጥፎ፣ ከላዩም የፈህሚያ ቀሚስ ተቀምጧል።

«እሳቸውስ?» አለች ፈህሚያ።

«ዕቃውን ሰጠኝና ሱቁን ዘጋ» አሉ አያ ሰጠኝ ትከሻቸውን ሰብቀው። «ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን! እንዲህ አድርጎ አያውቅም።»

ፈህሚያ ቀሚሱን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። አይመጡም ማለት ነው። ሆድ ባሳት፤ ግን ሃያ ሦስት ልጅ አፍጥጦ እያያት ሆድ ለመባስ ጊዜ የለም። በየሉሑ ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጻፈችላቸው። ሃያ ሁለት ልጆች በሉሕ፣ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በደብተር። ያን ሃያ ሦስተኛውን ሉሕ ለማንም መስጠት አልሆነላትም፤ ባዶውን ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቅላዋለች።

ልጆቹ ሦስተኛ ጊዜ «አሊፍ» ሲሉ በሩ ጨለም አለ።

አያ ኡዘይር ነበሩ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ የዒድ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፣ በብብታቸው አንድ ከረጢት ይዘዋል። ማንንም ሰላም ሳይሉ የበሩን ጀርባ አዩ። ባዶውን ጣውላ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ አያ ኡዘይር ጫማቸውን አወለቁና፣ በስተመጨረሻው ወንበር ጫፍ፣ ከዚያች ደብተር ከያዘችው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ።

ልጅቱ ሽቅብ አየቻቸውና በሹክሹክታ፣ «ከረጢት መሬት ይቀመጣል። ኡስታዛ ተቆጪ ናት» አለቻቸው።

«እሺ» አሉ አያ ኡዘይር፤ ከረጢታቸውን መሬት አስቀመጡ።

ፈህሚያ በተራ እየሰማች መጣች። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን... የሰማችውን አታስታውስም። ሃያ ሦስተኛዋ ልጅ ጨርሳ፣ «አሁን የእሳቸው ተራ ነው» አለቻት።

«ተራዬ ነው?» አሉ አያ ኡዘይር። ድምፃቸው የዚያ የሱቁ ሰውዬ ድምፅ አልነበረም።

«ተራዎ ነው።»

ጀመሩ። መጀመሪያ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀኝ እግራቸው መሬቱን መርገጥ ጀመረ፤ ፔዳል የረገጡ ያህል ወደ ላይ፣ ወደ ታች። እግሩ ሲሄድ ድምፁም ተከተለ። ያ ሐረግ ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ደግሞ ሲመጣ፣ እትዬ ሐዲጃ ከደጅ ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። በሩ ላይ የቀሩት አያ ሰጠኝም ኮፍያቸውን አውልቀው ያዳምጣሉ።

ሄደ፣ ሄደ፣ ያቺ ቦታ ደረሰ። ቆመ።

«ረሱት?» አለች ልጅቱ።

«አልረሳሁም» አሉ አያ ኡዘይር። «ሸኹ የጻፉልኝ እስከዚህ ነው።»

ፈህሚያ የምትለውን ታውቃለች፤ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ለስድሳ አምስት ዓመት ሰው እንዴት ብላ ትበል? ወደ እትዬ ሐዲጃ ዞረች። እትዬ ሐዲጃ ሉሑን ከምስማሩ አውርደው፣ የመታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ አንሥተው፣ በራሳቸው ነቅነቅ አሉ።

«አያ ኡዘይር» አለች ፈህሚያ፣ «አንድም ስሕተት የለውም። ይጠቡት።»

ምንም ያልተጻፈበትን ሉሕ ይዘው ወጡ። ከኮኩ ዛፍ ሥር ተንበርክከው፣ እትዬ ሐዲጃ እያፈሰሱላቸው፣ በሁለት እጃቸው አጠቡት። ከላይ ወደ ታች፣ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ እጀታውን። ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። አያ ኡዘይር ሲጨርሱ አልተነሡም። ያ ሱሪ ሲያሳጥር ዕድሜ የሚያሳጥር ሰው፣ ሉሑን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ትንንሾቹ ሰብሰብ ብለው አዩት። ጃቢር ቀልድ ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘጋው፤ ፊቱን ያዞረው ለምን እንደሆነ ግን ሁሉም አይቷል።

«አባቴ ‹ይመጣል› ብለው ነበር» አሉ እትዬ ሐዲጃ።

አያ ኡዘይር ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ተነሡ። «ሁለቱን ሌሊት ሳስበው አደርኩ» አሉ ለፈህሚያ። «ሉሑ እዚያ ስለሚጠብቀኝ ነው ‹ነገ› የምለው። ባታጥቢው ኖሮ እስክሞት ‹ነገ› እል ነበር።» ከዚያ የቀድሞው ቁጣቸው ወደ ፊታቸው ተመለሰ። «ቢሆንም ያጠፋሽው ጥፋት ነው! ደግሞ ሁለተኛ የደህና ቀሚስ ስፌት በምላጭ እንዳትፈቺ!»

«አልፈታም።»

«ቆሎውስ?» አሉ እትዬ ሐዲጃ እየሳቁ። በሸኹ ቤት ሉሑን ያጠበ ልጅ ለጓደኞቹ ቆሎ ያድላል፤ የቆየ ልማድ ነው።

አያ ኡዘይር ወደ ከረጢቱ በአገጫቸው አመለከቱ። ከሱፍ የተደባለቀ የገብስ ቆሎ እስከ አፉ ሞልቶታል። ልጆቹ እጃቸውን፣ ሲያንሳቸው አዲሱን ዩኒፎርም ዘርግተው ተቀበሉ። አያ ሰጠኝም በኮፍያቸው ሙሉ ደረሳቸው። ያን ጠዋት በዚያ ቤት ከቆሎ መቆርጠም በቀር ሌላ ትምህርት አልተሰጠም።

ልጆቹ ሲበተኑ አያ ኡዘይር ፈህሚያ ፊት መጥተው ቆሙ። ሉሑ ደርቋል። በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«በይ ቀጣዩን ጻፊልኝ» አሉ።

ፈህሚያ ብዕሩን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ያች የማታርፍ እጇ ከዚያን ቀን በቀር እንዲያ ቀስ ብላ ሠርታ አታውቅም።

ማክሰኞ ተጨማሪ ወንበር ልታዝ ወደ አራዳ ስትወርድ፣ አያ ሰጠኝ መላጊያቸውን ይዘው ነበር። ከግድግዳው ወዲያ መኪናው ይሮጣል፤ ከመኪናው ሥር ያ ድምፅ አለ። ሄደ፣ ሄደ፣ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ አያ ሰጠኝ በሠላሳ ዓመት ልማዳቸው መላጊያውን አንሥተው ጠበቁ። ድምፁ አልቆመም። ትንሽ ተንገዳገደ፣ አንድ ቃል ደገመ፣ ቀጠለ።

አያ ሰጠኝ መላጊያውን ጥለው ግድግዳውን በመዳፋቸው ደበደቡት።

«ኡዘይር! አንተ ኡዘይር! አለፍካት እኮ!»

መኪናው ቆመ። ከወዲያ በኩል፣ «አውቃለሁ! ሥራህን ሥራ!» የሚል ቁጣ መጣ። ከዚያ መኪናው እንደገና ተነሣ፤ አያ ኡዘይርም ካቆሙበት ቀጠሉ።